ክንድ ላይ የተለጠፈች ሴንሰር ስለ ሆዳችን ምን ታውቃለች?

ክንዳቸው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ሳንቲም የምታህል ነጭ ነገር የለጠፉ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። የሰውነትን ስኳር የምትለካ ሴንሰር ናት። ድሮ እሷን የሚለጥፈው የስኳር ህመምተኛ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሯጩም፣ "ቦርጭ አስቸገረኝ" ባዩም፣ ምንም የማያመውም ይለጥፋታል። ሌላው ደግሞ ስማርት ሰዓት አስሮ ይውልና ማታ ላይ "ዛሬ ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልኩ" ይላል። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ የሚወጣበት ሚዛን ኪሎውን ብቻ ሳይሆን የስቡን መጠን ጭምር ይነግረዋል።

ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ሁሉ ዕቃ አመጋገብን ለማስተካከልና ክብደት ለመቀነስ ይረዳል ወይ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አንዳንዱ፣ ለአንዳንድ ሰው፣ በልኩ ከተያዘ። ረጅሙ መልስ ስክሪን ላይ የሚወጣው ቁጥር ሁለት ዓይነት መሆኑን ከማወቅ ይጀምራል። አንዱ በትክክል የተለካ ነው። ሌላው የተገመተ ነው። ሁለቱም ግን በአንድ ዓይነት ፊደል፣ እኩል ደምቀው ነው የሚወጡት፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ገልብጣችሁ ስታዩት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር አንጓችሁ ውስጥ ያለው ደም ለቅጽበት ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይህን እየቆጠረ የልብ ምት ያወጣል። ውስጡ እንቅስቃሴ የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያም አለ፤ እርምጃ የሚቆጥረው እሱ ነው። እስከዚህ ድረስ ልኬት ነው። ካሎሪውን ግን ሰዓቱ የሚለካበት ምንም መንገድ የለውም። የሚያደርገው ነገር የልብ ምቱንና እንቅስቃሴውን ወስዶ፣ ስትመዘገቡ ከሞላችሁት ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቁመትና ክብደት ጋር ቀላቅሎ፣ "እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ሲሆን ይህን ያህል ያቃጥላል" ብሎ መገመት ነው። ልብ ደግሞ በሩጫ ብቻ አይመታም። ቡናም፣ ሙቀትም፣ ንዴትም፣ ከአለቃ የመጣ ስልክም ያስመታዋል።

ግምቱ ምን ያህል ይስታል? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት በእጅ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። በልብ ምት 6ቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት አለፉ፤ ጥሩ ነው። ካሎሪ ላይ ሲመጣ ግን ከሁሉ የተሻለው ራሱ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። የመጨረሻው 93 በመቶ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፣ አሠራራቸው ግን ያው ነው፤ ካሎሪው ዛሬም የሚመጣው ከቀመር ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ "400 አቃጠልክ" ሲል እውነቱ 300 ሊሆን ይችላል፣ 500ም ሊሆን ይችላል። ይሄ ለወሬ ከሆነ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው አፑ ያንን 400 ወስዶ "እንግዲያው ዛሬ 400 ካሎሪ ጨምረህ መብላት ትችላለህ" ሲላችሁ ነው። የምትበሉት 400 እውነተኛ ነው፤ የተቃጠለው 400 ደግሞ ግምት።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነት በስፖርት ያወጣውን ጉልበት በከፊል ከሌላ ቦታ ይቆጥባል። ሃድዛ የሚባሉት የታንዛኒያ አዳኝና ለቃሚ ማኅበረሰቦች በየቀኑ ብዙ ይጓዛሉ። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ግን፣ የሰውነት መጠን ታስቦ ሲሰላ፣ እነዚህ ሰዎች በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ጉልበት ከምዕራባውያን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ስፖርት ከቀኑ ድምር ላይ ሙሉ በሙሉ አይደመርም። ይህ ስፖርት አይጠቅምም ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ለልብ፣ ለጡንቻ፣ ለእንቅልፍ፣ ለስሜት ይጠቅማል። በላብ የተገዛ ምግብ የሚባለው ሂሳብ ነው የማይሠራው።

ሰዓት ማሰር ያከሳል ወይ የሚለው ራሱ ተጠንቷል። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት 471 ወጣቶችን ለ24 ወራት ተከታትሏል። ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ያገኙ ነበር። ከ6 ወር በኋላ ግማሾቹ እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ክንዳቸው ላይ አደረጉ፣ ሌሎቹ የዕለት ውሏቸውን ራሳቸው እየመዘገቡ ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ራሳቸው የመዘገቡት በአማካይ 5.9 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ መሣሪያ የተሰጣቸው 3.5። አዎ፣ ትክክል አንብባችኋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሰውን በቀን ወደ 1,800 ተጨማሪ እርምጃ እንደሚያስኬዱና በአማካይ ወደ 1 ኪሎ ገደማ እንደሚያስቀንሱ አሳይቷል። እኔ ሁለቱን ሳነባቸው የሚጋጩ አይመስለኝም። ሰዓት ያስኬዳል። አፍ ላይ ግን ሥልጣን የለውም።

በነገራችን ላይ "በቀን 10,000 እርምጃ" የሚለው ነገር ከሐኪም የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው መነሻው። ክብ ቁጥር ስለሆነ ዓለም ሁሉ ያዘው።

አሁን ወደ ሴንሰሯ።

የስኳር ሴንሰሯ ከቆዳ ስር የምትገባ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር አላት። ስትለጠፍ መርፌ ያስገባታል፣ መርፌው ይወጣል፣ ክሯ ትቀራለች። ክሯ ኢንዛይም የተቀባች ናት፤ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳሩ፣ ሲነካት ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ያ ፍሰት ነው ወደ ቁጥር ተለውጦ በየደቂቃው ወይም በየ5 ደቂቃው ስልካችሁ ላይ የሚወጣው። እንደ ዓይነቷ ከ10 እስከ 15 ቀን ትሠራና ትጣላለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ የምትሸጥ የመጀመሪያዋን ሴንሰር ፈቀደ፤ የዴክስኮም ኩባንያ ስቴሎ ትባላለች። የአቦት ኩባንያ ሊንጎ ከጥቂት ወራት በኋላ ተከተለች። የጤነኛው ሰው ግዢ የጦፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሴንሰሯ ደም አትነካም። የምትለካው በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የምታዩት ቁጥር ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ወደኋላ የቀረ ነው። ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን አስቡት። ከእንቅልፍ ተነስታችኋል፣ ውሃ እንኳን አልጠጣችሁም፣ ስልኩ ላይ ያለው የስኳር መስመር ግን ሽቅብ እየሄደ ነው። ምን በላሁ? ምንም። ንጋት ላይ ኮርቲሶልና መሰል ሆርሞኖች ጉበትን "ቀኑ ሊጀመር ነው፣ ስኳር ልቀቅ" ስለሚሉት ነው። ከዚያ ከባድ ክብደት ታነሳላችሁ ወይም በፍጥነት ትሮጣላችሁ፤ አሁንም ይወጣል፣ ያው ጉበት ለጡንቻው እያቀበለ ነው። ሙቅ ውሃ ስር ስትቆሙ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል፤ ስኳራችሁ በጣም ወርዶ 55 ገብቷል ይላችኋል። ደንግጣችሁ ተነስታችሁ ጣፋጭ ከመፈለጋችሁ በፊት በየትኛው ጎን እንደተኛችሁ እዩ። በሴንሰሯ በኩል ተኝታችሁ ከሆነ ክንዱ ተጨፍልቆ ፈሳሹ ስለሚሸሽ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ገልበጥ ስትሉ ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል።

የስኳር ህመም የሌለበት ሰው ሳይበላ ስኳሩ ከ70 እስከ 99 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይሆናል። ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 በታች መሆን አለበት። በመሀሉ ግን መስመሩ ሊወጣና አልፎ አልፎ 140ን ሊያልፍ ይችላል። ከምግብ በኋላ ስኳር መውጣቱ የሰውነት ሥራ ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ስኳሩ ወደ ሴሎች ይገባል፣ መስመሩ ይመለሳል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን ትንሿም ጉብታ እንደ አደጋ ነው የምትወራው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሸጥ ሐሳብ አለ፦ "መስመሩ ከወጣ ትወፍራለህ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ትከሳለህ።" ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ሴንሰሯ ስኳር እንጂ ካሎሪ አታይም። ኢንሱሊንም አታይም፣ ስብም አታይም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ብትጨልጡት መስመሩ ንቅንቅ አይልም። አንድ መካከለኛ ብርቱካን የዚያን ግማሽ ያህል ካሎሪ ነው ያለው፤ ፋይበርም ቫይታሚንም ይዞ ይመጣል፣ ያጠግባልም፤ መስመሩን ግን ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ሴንሰሯን ብቻ ዳኛ ካደረጋችሁ ብርቱካኑ ይፈረድበታል፣ ዘይቱ በነጻ ይሰናበታል። መስመራቸውን ጠፍጣፋ ለማድረግ ብለው ፍራፍሬና ጥራጥሬ ትተው ቺዝና ቅቤ ላይ የወደቁ ሰዎች ክብደታቸው ለምን እንደጨመረ ግራ ቢገባቸው አይገርምም።

ታዲያ የሴንሰሯ ጥቅም ምንድነው? አለ፣ እውነተኛ ጥቅም አለ። ሐኪም አሥር ጊዜ የነገረንን ነገር በዓይን ታሳያለች። ሩዝ ብቻውን የበላችሁ ቀንና መጀመሪያ አትክልትና እንቁላል፣ ቀጥሎ ሩዝ የበላችሁ ቀን መስመሩ ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ሁለተኛው ዝቅ ያለ ነው። ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ስትወድቁና አሥራ አምስት ደቂቃ ወክ ስታደርጉም እንደዚያው። ጤነኛ የሚመስል ጣፋጭ መጠጥ ምን እንደሚሠራ ስታዩ ደግሞ ምክር አያስፈልጋችሁም። ምክር ይረሳል፤ የራስን መስመር ማየት ግን ትንሽ ይቆያል።

ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ አመጋገብ የሚለው ጉዳይም የመጣው ከዚሁ ነው። የእስራኤሉ ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የ800 ሰዎችን ስኳር ከ46,898 ምግቦች ጋር አያይዘው ሲመረምሩ፣ አንድ ዓይነት ምግብ የተለያዩ ሰዎችን ስኳር በጣም በተለያየ መጠን እንደሚያወጣ አገኙ። "የእኔ ሰውነት ከዳቦ ጋር አይስማማም" የሚሉ አፖች ሁሉ መነሻቸው ይህ ግኝት ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ለአንድ ሰው ያንኑ ምግብ በሳምንት ልዩነት ደግመው ሲሰጡት፣ የራሱ ሰውዬ መስመር ከራሱ ጋር አልገጠመም። በደንብ ያልተኛችሁበት ቀን፣ የተጨነቃችሁበት ቀን፣ ትናንት ማታ የበላችሁት፣ ሁሉም ይገባበታል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙዝ በልታችሁ መስመሩ ስለወጣ ሙዝን ዕድሜ ልክ አታባርሩ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙትና ከዚያ ፍረዱ።

ስለ ሚዛኑ ብዙ አልልም። ስብ የሚለካ የሚባለው ሚዛን በአንዱ እግር የማይሰማ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ በሌላው ይቀበላል። ጡንቻ ውሃ ስላለው ያሳልፈዋል፣ ስብ ይቃወመዋል። ከዚያ በቀመር "ስብህ 27 በመቶ ነው" ይላል። ውሃ ጠጥታችሁ ስትወጡና ተጠምታችሁ ስትወጡ መልሱ ይለያያል። መንገዱም እግር ለእግር ስለሆነ ሆድ አካባቢ ያለውን ብዙም አይነካም፤ እኛ ደግሞ የምንጨነቀው ለሆድ ነው! የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ግን ኤሌክትሪክ የሚልክ ሚዛን ላይ መውጣት የለበትም።

ኪሎው ራሱ እውነተኛ ልኬት ነው፣ ግን የስብ ልኬት አይደለም። አርብ ማታ ጨው የበዛበትና ከበድ ያለ እራት በላችሁ እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ 1.4 ኪሎ ጨምሮ ቢያሳይ ያ ሁሉ ስብ ሊሆን አይችልም። 1 ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ነው፤ ያን ያህል ትርፍ በአንድ እራት የሚበላ ሰው የለም። ጨው ውሃ ይይዛል። ሰውነት የሚያጠራቅመው ግላይኮጅን የሚባለው ስኳርም እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የዳይት የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ኪሎ ዱብ ዱብ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አብዛኛው ውሃ ነው። የዕለቱን ቁጥር ተዉትና የ7 ቀኑን አማካይ እዩ፤ ብዙ አፖች ራሳቸው ያወጡታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዕቃ አመጋገብ ላይ በጣም የሚጠቅመው የቱ ነው ብትሉኝ መልሴ ትንሽ ይገርማችሁ ይሆናል፦ የእጅ ሰዓቱ የሚመዘግበው የእንቅልፍ ርዝመት ነው። ሰዓቱ ጥልቅ እንቅልፍ፣ ህልም ያለበት እንቅልፍ እያለ የሚከፋፍለውን አትመኑት፣ እሱ ግምት ነው። ስንት ሰዓት ተኝታችሁ ስንት ሰዓት እንደተነሳችሁ ግን ደህና አድርጎ ይይዛል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት በቀን ከ6.5 ሰዓት በታች የሚተኙ 80 ወፈር ያሉ ሰዎችን ወሰዱ። ለግማሾቹ የእንቅልፍ ምክር ብቻ ሰጧቸው። እነሱም በአማካይ 1.2 ሰዓት ጨምረው ተኙ፣ ማንም ዳይት ሳያዛቸው ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሚበሉት በቀን በ270 ካሎሪ ገደማ ቀነሰ። ያልተኛ ሰው ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭና የተጠበሰ ነው። ማታ ስልክ ስትነካኩ ሰዓቱ "ተኛ" ቢላችሁ ስሙት።

የሚበሉትን መመዝገብ ደግሞ አሰልቺ ነው፣ ይሠራል ግን። ሰው የበላውን ሲያስታውስ ያሳንሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት "ምንም ብሞክር አልከሳም" የሚሉ ሰዎች ከበሉት በአማካይ 47 በመቶውን ሳይናገሩት እንደቀሩ አሳይቷል። ውሸታሞች ሆነው አይደለም፤ የቀመሱትን፣ የልጅ ትራፊውን፣ የዘይቱን መጠን ማን ይቆጥራል? ፎቶ አንስቶ ካሎሪ የሚነግራችሁ አዲሱ አፕም እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ ካሜራ ድስት ውስጥ የገባውን ዘይት አያይም።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሰዎች አሉ። ከምግብ ጋር የተበላሸ ግንኙነት ያለው ወይም የነበረው ሰው፣ ራሱን እያስራበ ወይም እየበላ እያስመለሰ ያለፈ፣ እነዚህ ዕቃዎች ባይጠጉት ይሻለዋል። ቁጥር የዚያ ህመም ዋና ምግብ ነው። ህመሙ ባይኖርባችሁም ቁጥሩ ሳይታይ መብላት ካስፈራችሁ፣ ወይም ሰዓቱን የረሳችሁበት ቀን የእግር ጉዞ ከንቱ የሄደ ከመሰላችሁ፣ አውልቁት። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ያለ ማዘዣ በሚሸጡት ሴንሰሮች ላይ ተመሥርቶ መጠን መቀየር የለበትም፤ የተሠሩት የመድኃኒት መጠን ለመወሰን አይደለም።

ያለ መርፌ፣ ቆዳ ሳይነካ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ወይም ቀለበት ካያችሁ ደግሞ እለፉት። ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. እንዲህ ብሎ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ገልጾ አስጠንቅቋል። የሴንሰሯን ቁጥር ተቀብሎ የሚያሳይ ሰዓት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ችግር የለበትም።

ሴንሰሯን መሞከር ከፈለጋችሁ ዓመቱን ሙሉ ለጥፋችሁ አትዙሩ። ለአንድ ዙር በቂ ናት። ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ያዙ፦ ቁርሴ እስከ ምሳ ያቆየኛል ወይስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያስርበኛል፣ ከእራት በኋላ መራመድ ለውጥ ያመጣል፣ ያ የምወደው መጠጥ ምን ይሠራል። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር አትመኑት፣ ሴንሰሯ እስክትረጋጋ ጊዜ ትፈልጋለች። ጎን ለጎን ረሃባችሁንና እንቅልፋችሁን ጻፉ፤ ያለዚያ መስመር ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ሳትበሉ ጠዋት ጠዋት ደጋግማ ከ100 በላይ ካሳየቻችሁ፣ ወይም ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላም ከ140 አልወርድ ካለ፣ በራሳችሁ ዳይት አትጀምሩ። ሴንሰሯ የስኳር ህመም አለባችሁ ወይም የለባችሁም ብላ መበየን አትችልም። ላብራቶሪ ሄዳችሁ የጾም ስኳርና ኤችቢኤዋንሲ ተመርመሩ። ኤችቢኤዋንሲ ያለፉትን 2 ወይም 3 ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው፤ 5.7 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያናግራችሁ።